እናቴ መናገር ተስኗታል፤ እግዚአብሔር የልቧን ይሰማል? የእኔን ሐሳብስ እንዴት ያየዋል?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ጥያቄዬ ይረዝማል። አሳጥሬ ብጽፈው ግን የምለው አይገባችሁም።

እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙላትም። ንግግሯም ሄደ። የምንላትን ግን ትሰማለች፤ ይገባታልም። ቡና ሲቆላ በግራ እጇ ጢሱን ወደ ራሷ ትስባለች። የሰው ሞት ስንነግራት ታለቅሳለች። ልትመልስ ስትል ግን ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እንትን»። ውሃ ስትፈልግ እንትን። ሲያማት እንትን። የልጅ ልጇን ስትጠራም እንትን። እኛ ከዓይኗና ከድምፅዋ ነው የምንለየው።

የዘጌ ልጅ ናት። ያደገችው ቡናው መሀል ነው። ወጣት ሳለች ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በጀልባ እየጫነች ባሕር ዳር ገበያ ታወጣ ነበር። ማንበብ አልተማረችም። ውዳሴ ማርያምን ግን ከነዜማው በቃሏ ትደግም ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ መጸለይ የዕድሜ ልክ ልማዷ ነው። አሁንም በዚያው ሰዓት ትነቃለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ ስሰማት «እንትን፣ እንትን፣ እንትን» ነው የምትለው። በግራ እጇ ልታማትብ ትጀምርና ግንባሯ ላይ ሳትደርስ ትመልሳታለች። የምታፍር ይመስለኛል። በግራ ማማተብ ነውር ሆኖባት።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ይህ ጸሎት ይቆጠራል? ንስሐ መግባትስ እንዴት ትችላለች? ኑዛዜ አንደበት ይፈልጋል።

ሁለተኛው በጣም ያበሳጨኝ ነገር ነው። አንዲት የሰፈራችን ሴት ልትጠይቃት መጣች። ቡና ጠጣች። ከዚያ እናቴ እየሰማች እንዲህ አለች፦ «እግዚአብሔር ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን ያውቃል። እኛ የማናየውን አይቶ ነው እንጂ እንዲያው አይመታም።» እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ምንም አላልሁም፤ ሲኒውን ሰብስቤ ወጣሁ። እስካሁን ግን ያንገበግበኛል። አንደበት የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ይከራከር?

ሦስተኛው የራሴ ነው። በስሜ የማልጽፈውም ለዚህ ነው። ሌሊት አንሶላ ስቀይርላት፣ ወገቤ ሲቆረጥ፣ «ምነው ባረፈች» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እሷ እንድታርፍ ነው ወይስ እኔ እንዳርፍ? እኔም አላውቀውም። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ነው ብለውናል። በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ። እንግዲህ ይህም ሐልዮ ነው። እሑድ ሚካኤል ቅዳሴ ቆሜ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ሲሉ፣ ከሕዝቡ ጋር «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እላለሁ። በእግዚአብሔር ዘንድ አለን እላለሁ። ልቤ ያለው ግን ቤት ነው። ረጥባ ይሆን? ተጠምታ ይሆን? ይህንንም ያያል።

ልጅ ሆኜ እግዚአብሔር ሐሳቤን ያውቃል ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ያስፈራኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

—

ዲያቆን ዘጣና፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ፤ አንቺንም ያበርታሽ። ያነሣሻቸው ሦስቱም ነገሮች ማርቆስ 2 ላይ በአንድ ታሪክ ውስጥ አሉ። ዛሬ ማታ ክፈቺና ለእናትሽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢላት። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምንሰማው የመጻጉዕ ታሪክ አይደለም፤ እሱ ዮሐንስ 5 ነው። ይኼኛው አራት ሰዎች ተሸክመው በጣራ በኩል ያወረዱት የቅፍርናሆሙ ሽባ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ያ በሽተኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተናገረም። ማረኝ አላለም። ፈውሰኝ አላለም። ኃጢአቱን አልዘረዘረም። ጌታ ግን ገና ሳይፈውሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። ያየው ምን ነበር? ወንጌሉ የሚለው «እምነታቸውን አይቶ» ነው። የተሸካሚዎቹንም እምነት ማለት ነው። አንሶላ የምትቀይሪው፣ የምታገላብጪው፣ ውሃ የምታቀርቢው አንቺ ከአራቱ አንዷ ነሽ።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። በዚያ ቤት ውስጥ የልባቸው ሐሳብ ለሕዝብ የተገለጠባቸው እነማን ናቸው? ሽባው አይደለም። እሱ በልቡ ምን እንደነበረ ዛሬም ድረስ አናውቅም፤ ጌታ ሸፈነለት። የተገለጠባቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠው በልባቸው የሚፈርዱት ጻፎች ናቸው። «በልባችሁ ይህን ስለ ምን ታስባላችሁ?» የተባሉት እነሱ ናቸው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲባርክ በጸለየው ጸሎት ላይ የሰውን ሁሉ ልብ የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ ይላል፤ 1ኛ ነገሥት 8፥39። አንተ ብቻ! እግዚአብሔር ልብን ያውቃል የሚል ሰው፣ እኔ አላውቅም እያለ ነው። ያንን ቃል ይዞ በሌላው ልብ ላይ መፍረድ ከቃሉ ጋር መጣላት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥5 ጌታ እስኪመጣ አትፍረዱ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጨለማ የተሰወረውን የሚያወጣ፣ የልብንም ምክር የሚገልጥ እሱ ስለሆነ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደውም ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉት እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሏቸዋል። ሴትዮዋ ደግማ ብትመጣ በትሕትና፣ ግን እናትሽ እየሰማች ይህን ንገሪያት። እናትሽ የሰማችው ክፉ ቃል በሌላ ቃል መመለስ አለበት።

ስለ ኑዛዜ አትጨነቂ። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ ጥሪያቸው። ነገሩ ስለሚገባት እሳቸው ይጠይቋታል፤ እሷም ራሷን በመነቅነቅ ወይም እጃቸውን በመጨበጥ ትመልሳለች። ስለ ቀንዲልም፣ ሕሙማን በጸሎት ዘይት ስለሚቀቡበት ምሥጢር፣ አማክሪያቸው። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ለድውያን የተሰጠ ነው። ያዕቆብ 5፥14 ላይ ከእናንተ የታመመ ቢኖር ካህናትን ይጥራ የሚለው ለእንደ እናትሽ ያለ ሰው ነው። በግራ እጇም ታማትብ። እጇን ያዢና አብረሻት አማትቢ።

ስለ አንቺ ሐሳብ ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ለሠርክ ጸሎት መሄዴ ነው።

—

ነርስ ነኝ፦

የኔ እህት፣ እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ስለ ኑዛዜው የእኛ ትምህርት ይለያል። እሱን ግን እዚህ አላነሣም። ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ማስታመም የየቀን ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

እናትሽ ያጋጠማት የታወቀ ነገር ነው። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሰውነት ቀኝ ጎን ይደክማል። ለአብዛኛው ሰው የንግግርም ቦታ እዚያው በግራ ስለሆነ አብሮ ይጎዳል። ሐሳቧ ግን በቦታው አለ። ውሃ ፈልጋ «እንትን» ስትል በልቧ ያለው ውሃ ነው። የጠፋው ቃሉ የሚወጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትጸልይ ውዳሴ ማርያሙ ከውስጧ አልጠፋ ይሆናል። አንቺ የምትሰሚው እንትን ነው። እግዚአብሔር ግን ከአፍ አይደለም የሚጀምረው። ሮሜ 8፥26 ላይ እንዴት እንድንጸልይ ባናውቅ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። በማይነገር!

አንድ ነገር ሞክሪ። ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች በልጅነት በቃላቸው የያዙትን ነገር፣ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ የሳምንቱን ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜ አብረው ማለት ይችላሉ። በተለይ በዜማ ሲሆን። የራሳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቃታቸው ሰዎች መዝሙር ሲዘምሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀመጪ። ከንፈርሽን ትይ። ቀስ ብለሽ «አቡነ ዘበ...» በይና አቁሚ። ጠብቂያት። አትቸኩዪ፣ አትቀድሚያት። ካልወጣላትም አታስጨንቂያት፤ አንቺው ጨርሺላት።

ሌላ ደግሞ፣ ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል? ያስላታል? ከሆነ ተኝታ አታጠጫት። ቀጥ አድርገሽ አስቀምጠሽ በትንሽ በትንሹ ስጫት፤ ሐኪምም ይያት። ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። በየሁለት ሰዓቱም አገላብጫት፤ ቁስል እንዳይወጣባት።

«ምነው ባረፈች» ስላልሽው፦ ኤልያስን አስቢ። 1ኛ ነገሥት 19። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ደክሞት ዛፍ ሥር ወድቆ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር ልቡን አየ። ምን አደረገ? አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ ላከለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ ቀሰቀሰውና አሁንም ብላ አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። እኔ ይህን ምዕራፍ ለአስታማሚዎች ሁሉ እነግራለሁ። አንቺ ጋ ያለው መጀመሪያ የእንቅልፍ ዕጦት ነው። ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ሌሊቱን ይካፈልሽ። ወንድም ካለሽ እሱም ይችላል። እናት የሁሉም ናት።

—

ጥያቄ አለኝ፦

ይቅርታ፣ ጉዳዩን ላዛባ ፈልጌ አይደለም። እኔም ይህ ነገር ከልቤ ያስጨንቀኛል። እግዚአብሔር ሳንናገር የልባችንን ካወቀ፣ መጸለይስ ለምን ያስፈልጋል? ለካህን መናገርስ? የሚያውቀውን መልሶ መንገር አይሆንም? ደግሞ ሰይጣንስ የምናስበውን ያውቃል ወይ? ሰፈራችን ውስጥ «ልብ ያነባል» እየተባለ ሰው የሚጎርፍለት ጠንቋይ አለ።

—

ዲያቆን ዘጣና፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ማቴዎስ 6፥8 ላይ አባታችሁ ሳትለምኑት የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል ይላል። ቀጥሎ ምን አለ? «እንግዲህ መጸለይ አያስፈልጋችሁም» አላለም። ወዲያው ቁጥር 9 ላይ አቡነ ዘበሰማያትን አስተማራቸው። ስለሚያውቅ ጸልዩ ነው ያለው። የማያውቅ ቢሆንማ እንደ አሕዛብ ቃል ማብዛት፣ ማስረዳት፣ መለማመጥ ሊያስፈልግ ነበር። አዳም በዛፎቹ መካከል ሲደበቅ «ወዴት ነህ?» ያለው ቦታው ጠፍቶበት አይደለም። አዳም አፉን ከፍቶ እንዲመልስለት ፈልጎ ነው። ኑዛዜም እንደዚያ ነው። ለእግዚአብሔር ወሬ ማድረስ አይደለም። ከተደበቅህበት መውጣት ነው።

ስለ ሰይጣን ደግሞ ከላይ የጠቀስሁት የሰሎሞን ቃል ይበቃል፤ ልብን የሚያውቅ አንዱ ብቻ ነው። ሰይጣን ከፊትህ፣ ከንግግርህ፣ ከልማድህ ይገምታል። ጠንቋዩም ወሬ ያጠናቅራል፤ ደጁ ላይ ከሚጠብቁት ሰዎች መሀል ወሬ የሚያቀብሉት አሉ። ነቢዩ ኤልሳዕ አገልጋዩ ግያዝ በስውር ያደረገውን ያወቀው እግዚአብሔር ገልጦለት ነው። የጠንቋይ ደጅ ግን ሌላ ነው። አትሂድ።

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። ሐሳብ መምጣቱና ሐሳብን መቀበል ይለያያሉ። በሐልዮ የሚሠራ ኃጢአት የሚባለው ክፉውን ሐሳብ ተቀብለሽ፣ ወንበር ሰጥተሽ፣ ተስማምተሽ ስታኖሪው ነው። አንቺ ግን ሲመጣብሽ ደነገጥሽ። እዚህ ድረስ መጥተሽ ጻፍሽ። ሲነጋም ተነሥተሽ አጠብሻት። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ቢቻል ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ሸክሙ እንዲያልፍ ለምኗል። ሸክም ይለፍ ማለት በራሱ ኃጢአት ቢሆን እሱ አይለውም ነበር። የልብሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ግን እንደ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ደከመ ሰው ንገሪያቸው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ከዓሣው ፍም አጠገብ ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ መጨረሻ ላይ የቀረው ማስረጃ ምን ነበር? ሥራው አይመሰክርለትም። አፉም ቀድሞ ክዶበታል። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ሁሉን ታውቃለህ፤ እንድወድህ አንተ ታውቃለህ» አለ። የጌታን ሁሉን ማወቅ መሸሸጊያ አደረገው። 1ኛ ዮሐንስ 3፥20ም ልባችን ቢፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይበልጣል፣ ሁሉንም ያውቃል ይላል። እናትሽን እንደምትወጃት ያውቃል። ወገብሽ እንደተቆረጠም ያውቃል። ከሐሳብሽ ላይ አንዱን መስመር ብቻ ቀዶ አያነብብም።

—

የዘጌዋ እናት (የልጅ ልጅ ናት የምትጽፍላቸው)፦

ልጄ፣ እንደምን ሁነሽ? ልጅቱ ስታነብልኝ አለቀስሁ። እኔም የዘጌ ነኝ። እናትሽን በስም አላወቅኋትም እንጂ በመልክ ሳላውቃት አልቀርም፤ በዚያ ዘመን ጌሾ ይዘን የምንሻገር ሴቶች አንድ ጀልባ ላይ ነበርን።

ባለቤቴን አስታምሜ ነው የቀበርሁት። «ምነው ባረፈ» ያልሽውን አንቺ በልብሽ አልሽው። እኔ በአፌ ብየዋለሁ፣ ልጄ። እሱም ሰምቶኛል። እጄን ይዞ «እኔም ለአንችው እያልሁ ነው» አለኝ። ሰው በሽተኛ ሲሆን ሞኝ አይሆንም። እናትሽም ድካምሽን ታየዋለች። እሷ ከዐወቀች ፈጣሪ እንዴት አያውቅም? እሷ ካልተቀየመችሽ እሱ ለምን ይቀየማል? እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ መጽሐፉን ዲያቆኑ ያውቃል።

እዚያው ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን፣ የበላዔ ሰብእ ሥዕል አለ። እናትሽ ልጅ ሁና እያየችው ነው ያደገችው። ያ ሰው በላ ለአንድ በጥም ለተቃጠለ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። በሚዛኑ ጊዜ ያች ጥርኝ ውሃ ተቆጠረችለት። ሌላው ሁሉ ክፋቱ እየታየ! አንች ደግሞ ስንት ጊዜ ውሃ አጠጣሻት? ይህን ሥዕል አስታውሻት። ታውቀዋለች። የካቲት 16 ስትደርስ ጀልባ ተሳፍራችሁ ብትወስጃት ደስ ይላታል፤ ሽቅብ መንገዱን ጎረምሶች ይሸከሟት።

ያችን ጎረቤት ግን አትጣያት። ነገ ሌላ ሰው ቤት ሂዳ ያንኑ እንዳትል ዲያቆኑ ያለውን ንገሪያት።

—

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናት፣ እርስዎ የጻፉትን ለእናቴ አነበብሁላት። ጌሾው ጋ ስደርስ በግራ እጇ አልጋውን መታች፤ «እንትን! እንትን!» እያለች ሳቀች። ታውቅዎታለች መሰለኝ። ቤትዎን ብታሳዩን አንድ ቀን ይዤያት እመጣለሁ።

ነርስ፣ እንዳልሽው አደረግሁ። «አቡነ ዘበ...» ብዬ አቆምሁ። ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ። ልጨርስላት ስል «ሰማያት» አለች። አጥርታ ነው ያለችው! እሷም ደነገጠች። «ይትቀደስ» ስላት «ስምከ» አለች። ከዚያ ወደ መሀሉ ላይ ተመልሶ እንትን ሆነ፤ ደከማትና ተወችው። ወንድሜ ቆሞ እያየ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሌሊቱን ተራ በተራ እናድራለን። ውሃውንም እያስቀመጥን በማንኪያ ነው የምንሰጣት፤ ትንታው ቀንሷል። ቢሆንም ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዘናል።

ዲያቆን፣ ማርቆስ 2ን ለሁለታችንም አነበብሁ። ሽባው ምንም አልተናገረም ያልኸውን ከዚህ በፊት አስተውዬው አላውቅም ነበር። የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ስለ ጥያቄና መልሱ ነገርኋቸው፤ ተስማምተዋል። የራሴንም ያኔ እነግራቸዋለሁ። ጎረቤታችንም እሑድ ቡና እንድትመጣ ጠርቻታለሁ፤ እናቴ ባለችበት ነው የማነጋግራት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ነርስ፣ ጸሎቱን የማለማምዳት በየትኛው ሰዓት ቢሆን ይሻላል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራሷ ጸሎት ስለሆነ እዚያ መግባት አልፈለግሁም።

—

ነርስ ነኝ፦

እሰይ! ጠዋት አድርጊው፤ ተኝታ ስትነሣ፣ ሳይደክማት። ሲደክማት ቃሉ ይብስ ይጠፋል። አጭር ይሁን፤ በየቀኑ ይሁን። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዝጉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱን ግን እንዳልሽው ለእሷ ተዪላት።